በፊደል የተጻፈው አራት

ድርጅቱ ወንዝ ይለካል። በየሸለቆው ያሉት ሠራተኞቹ ጠዋትና ማታ ውሃ ውስጥ የቆመ ባለ ምልክት ብረት እያዩ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ቁጥሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ እነዚህን ሰዎች ሰብስቦ ተራራ ላይ ያወጣቸዋል። ለምን ተራራ ላይ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። «ዓመቱን ሙሉ ቁልቁል ሲያዩ ስለሚከርሙ አንገታቸውን ለማቅናት ነው» የሚሉ አሉ።

ስብሰባው ሦስት ቀን ይፈጃል። ስልሳ ሰው፣ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ ሚኒባስ፣ ድሮ የሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ የነበረ ሃያ ስምንት ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ የእግር ጉዞ። ይህን ሁሉ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስታቅድ የኖረችው አንዲት ሴት ናት። መሥሪያ ቤቱ «እትዬ ሰዓት» ይላታል። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ስለምትረሳው በቀን ሁለት ጊዜ «እርሳሴን ያያችሁ?» ትላለች፤ ሰውም በቀን ሁለት ጊዜ ይስቃል።

ሥራዋን ከላይ ያየ ቀላል ይመስለዋል። ሰው ቆጥሮ አልጋ ማከፋፈል ምን አለው? ነገር ግን እትዬ ሰዓት ማን እንደሚያንኮራፋ ታውቃለች። የሚያንኮራፋ ከሚያንኮራፋ ጋር ይተኛል። የማያንኮራፋ ነገር ግን እንቅልፉ የከበደ ሰው ከተገኘ፣ እሱ እንደ ወርቅ ተጠቅልሎ ለጭንቅ ቀን ይቀመጣል። ማን ከፍታ እንደሚያዞረው፣ ማን ከማን ጋር በማስተዋወቂያው እራት ላይ እንደተጣላ፣ ማን ዳገት ላይ «ጫማዬን ላስር» እያለ እንደሚያርፍ ታውቃለች። ይህ የትም አልተጻፈም፤ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራት። በሁለተኛ ዓመቷ «አውቶቡሱ በሦስት ሰዓት ይደርሳል» ብላ ጽፋ ነበር። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይወስዳል ማለቷ ነው። የማረፊያ ቤቱ ወጥ ቤት ግን ጠዋት በሦስት ሰዓት መስሎት ለስልሳ ሰው እንቁላል ጠብሶ ጠበቀ። አውቶቡሱ የደረሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ እንቁላሉም የጫማ ሶል ሆኖ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከዋናው ሹፌር ጋር አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ተማከሩ። ቋንቋው ሁለቱንም «በሦስት ሰዓት» ብሎ እስከጠራቸው ድረስ መለየት ያለበት ወረቀቱ ነው። ተስማሙ፤ የቀኑ ሰዓት በአሃዝ ይጻፋል፣ የመንገዱ ርዝመት በፊደል። «3 ሰዓት» ካለ ሰዓትህን እይ፣ «ሦስት ሰዓት» ካለ ትዕግሥት ያዝ። ከዚያ ወዲህ አንድም እንቁላል አልተበላሸም። ሕጉንም ከእሷ፣ ከሹፌሩና ከማረፊያው ጠባቂ በቀር ማንም አያውቀውም ነበር፤ የጠየቀም የለ።

ቅናቱ የገባባት በጉልበቷ በኩል ነው።

ባለፈው ዓመት ከተራራው ስትወርድ ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ «ዳገቱ ግድ የለም፣ ቁልቁለት ግን በቃሽ» አላት። ወጥተውት የማይወርዱት ተራራ እስካሁን ስላልተሠራ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ወሬው ሳይውል ሳያድር ጠራት።

«ዘንድሮ መንገዱን እህትዎ ትሂደው» አላት። «ወረቀቱን እርስዎ ያርሙታል። ጉልበትዎን እናስብለት እንጂ።»

«አመሰግናለሁ» አለች። ለጉልበቴ አሳቢ በዛለት አለች በሆዷ።

እህትየውን እዚህ ያስገባቻት ራሷ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ታንሳታለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጸጉሯን የሠራችላት፣ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ከሁለት ዓመት በፊትም የእንግዳ መቀበያው ቦታ ሲከፈት ሥራ አስኪያጁን ደጅ የጠናችላት እሷ ናት። አሁን ግን በቢሮዋና በእንግዳ መቀበያው መካከል ያለው የጣውላ ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ሳቅ ያሳልፋል። ከየጣቢያው ለጉዳይ የሚመጡት ወንዝ ለኪዎች ድሮ ቀጥታ ወደ እሷ ነበር የሚገቡት። አሁን እዚያ ይቆማሉ። ሲስቁ ትሰማለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ከ«ደህና ዋልሽ» በቀር ቃል ወጥቶት የማያውቀው የቆላው ጣቢያ ሰውዬ እንኳ አንድ ቀን ቀልድ ሲያወራ ሰማችው። ቀልዱ ደግሞ ጥሩ ነበር።

የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው አለች።

ታናሽየው መንገዱን ለማየት ሁለት ቀን ተራራው ላይ ከርማ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰች። ቦርሳዋን ሳታወርድ የታላቋ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እንዲህ እንደሚያምር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ።»

«ዳገት ነው ነው ያልሽኝ።»

«ዳገትስ አይደለም?»

«ነው» አለች እየሳቀች። «ስሚ፣ ሁለተኛው ቡድን ሁልጊዜ እስከ ምንጩ ሄዶ ይመለሳል አይደል? አፋፉ ድረስ ብናወጣውስ? ሁለት ሰዓት ነው፣ ለክቼዋለሁ። በዚያ በኩል ደግሞ የመኪና መንገድ አለ። ሚኒባሱ ዞሮ መጥቶ ከላይ ይወስዳቸዋል። ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም። ጉልበት የሚያመው ሁሉ መሄድ ይችላል።»

እትዬ ሰዓት አፋፉን ታውቀዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማረፊያው ጠባቂ ጋር ብቻዋን እየወጣች ሁለቱን ሸለቆዎች ባንድ ዓይን ታይ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሰው ይጎዳል ብላ ግን ቡድን ወስዳ አታውቅም። የመኪናውን መንገድም ታውቀዋለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ ብቻ ነበር የቀረው። ይህቺ ልጅ በሁለት ቀን አሰበችው።

«መጥፎ አይደለም» አለች። ከአፏ የወጣው የመጨረሻው ደግ ቃል ያ ነበር።

ወረቀቱ በሳምንቱ ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ንጹሕ ወረቀት ነው። እርሳሷን ከጸጉሯ አውጥታ አንድ ጥፋት ለማግኘት ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። የክፍሎቹ ድልድል ልክ ነው፤ እንዲያውም የሚያንኮራፉትን አንድ ላይ አድርጋቸዋለች። ይህን ማን ነገራት? ጠይቃ ይሆናል፤ እሷን ሰው ይነግራታል። ስለ ልብሱ «መኪና ስለሚጠብቅ ቀላል ልብስ ይበቃል» ይላል። የቡድኖቹ መነሻ እንደ ድሮው በሰንጠረዡ ውስጥ በአሃዝ ተቀምጧል፤ «2፡00»። ከሰንጠረዡ ሥር ግን በማስታወሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛው ቡድን አፋፉ ላይ በአራት ሰዓት ይደርሳል። ሚኒባሱ ከዚያ ይወስደዋል።»

አራት በፊደል።

እርሳሷ ቆመ። ልጅቷ ማለቷ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው፤ በሁለት ተነስተው ሁለት ሰዓት ሄደው። ሹፌሩ ግን የእግር መንገዱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሕጉን ነው። አራት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው ብሎ ያነበዋል። በሁለት ተነስተው፣ አራት ሰዓት ተጉዘው፣ ቀትር ላይ ይደርሳሉ ይላል። ሰዎቹ በአራት አፋፉ ላይ ይቆማሉ፣ መኪናው በስድስት ይመጣል።

አንድ ቃል መሰረዝና አንድ አሃዝ መጻፍ ነበር ሥራው። እርሳሱን ይዛ ቆየች። ከጣውላው ወዲያ ሳቅ ተሰማ።

ክፉ ነገር አልተመኘችም። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነግራዋለች። ትንሽ ይብረዳቸው፣ ትንሽ ይቁሙ፣ ከመካከላቸውም አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበል፦ «እትዬ ሰዓት ብትሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።» ይህቺን ብቻ። ከዚያ እንቁላል ወዲህ ምንም ጥፋት ስላልነበረ ማንም ሰው ብሏት አያውቅም።

ከወረቀቱ ግርጌ «አይቼዋለሁ» ብላ ፈረመች።

ማታ ባሏን ጠየቀችው። ባሏ መነጽር ሠሪ ነው፤ እራት ላይም ቢሆን የሰው ዓይን እንደሚመረምር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ሰው ያየውን ሁሉ መናገር አለበት?»

«ምን አየሽ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

«እኔ የማያየውን ሰው እንዲያይ እያደረግሁ ነው የምኖረው» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «አይቶ ዝም ለሚል ሰው ግን መነጽር የለኝም። ለመሆኑ ታናሽሽ እንዴት ናት?»

«ምን አገናኘው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ሳልና ቅናት አይደበቅም ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። ገና አልጨረሰም ነበር።

የስብሰባው ቀን መጥቶ ማረፊያ ቤቱ የደረሱት በ10 ሰዓት ነው፤ በአሃዝ። ጠባቂው አባባ ቁልፍ ይባላሉ። የቁልፎቹን ሰሌዳ እንደ ልጆቻቸው ነው የሚያውቁት፤ ቁልፍ ሲሰጡም በሁለት እጃቸው ነው። አራት ቁጥር የማዕዘኗ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ አፋፉ ይከፈታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እትዬ ሰዓት ስትገባ አባባ ቁልፍ ሳትጠይቃቸው አራት ቁጥርን ያወርዱላት ነበር። ዘንድሮም አወረዱ። በሁለት እጃቸው ይዘው ግን ወደ ታናሽየው ዞሩ።

«ለጉዞ መሪዋ» አሉ። «ላንቺ ደግሞ ልጄ፣ ደረጃ እንዳይጎዳሽ ብዬ ምድር ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን አዘጋጅቼልሻለሁ። ከውሃ ማሞቂያው ቦይለር አጠገብ ነው፣ ይሞቃል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። ሰውዬው አስበውበት አይደለም። እሷ ግን ሌሊቱን ቦይለሩ ሲያጉረመርም እየሰማች አሰበችበት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ታናሽየው አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «እትዬ፣ የአራት ቁጥር በር አልቆለፍ አለኝ እኮ። ቁልፉ ይዞራል፣ በሩ ወይ ፍንክች። ወንበር አስደግፌ አደርኩ።»

እትዬ ሰዓት ሻይዋን አማሰለች። ያ በር በእጀታው ትንሽ ወደ ላይ ካልተነሳ ቁልፉን አይሰማም፤ ማጠፊያው ረግቧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንስታዋለች።

«አሮጌ ቤት ነው» አለች።

በ2 ሰዓት ሁለተኛው ቡድን በሩ ላይ ተሰለፈ፤ አሥራ አራት ሰው። ከመካከላቸው ከሩቁ ጣቢያ የመጡት ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ሁልጊዜ ከእትዬ ሰዓት ጋር እስከ ምንጩ ይሄዱ ነበር። ካፖርታቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ወደተቀመጠችው እትዬ ሰዓት መጡ።

«ያዢልኝማ። ልጅት መኪናው ይጠብቀናል ብላለች። ሽቅብ ተሸክሜው ምን ልሆን?»

«ይያዙት እንጂ አባቴ፣ እዚያ ላይ ነፋስ አለ።»

«ተይ እባክሽ። አንቺ ደግሞ ዘንድሮ እንደ ሽማግሌ ሆንሽ።» ሳቁ፤ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ታናሽየው ከፊት ነበረች። ስትዞር፣ እጇን ስታነሳ፣ ቆጥራ ስትጨርስ፣ ልክ እንደ እሷ ነው፤ እንዲያውም የጮኸችው «ማንም ማንንም አይቅደም» የእትዬ ሰዓት አባባል ነበር። ድምፁ ብቻ ወጣት ነው። ቡድኑ ከጥዱ ሥር ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ እያየች ቆየች።

ሹፌሩ ሚኒባሱን አጥቦ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ቅጽል ስሙ «ቀስ በቀስ» ነው፤ ተራራ ላይ በሰዓት ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ስለማያውቅ። ወረቀቱን አራት እጥፍ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ይዞታል።

«ቀትር ላይ ነው አይደል የሚደርሱት?» አለ። «ከአምስት በኋላ ብነሳ ይበቃኛል።»

መልስ አልሰጠችውም። መልስ አለመስጠት ውሸት አይደለም አለች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ አፋፉ ከጥዱ በላይ እንደ ቢላ ጠርዝ ይታያል። አራት ሲሆን ሰዓቷን አየች። አሁን ደርሰዋል። አሁን ዙሪያውን እያዩ ነው። «መኪናው የታለ?» ይላል አንዱ። ልጅቷ ወረቀቷን ትገልጣለች። እትዬ ሰዓት በዓይነ ሕሊናዋ ያችን የተላጠች አፍንጫ አየችና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ጠጣ።

አራት ከአሥር ላይ አፋፉ ጠፋ። ከወዲያኛው ሸለቆ ጉም ወጥቶ፣ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን አለት፣ ከዚያ ጥዱን ዋጠው። በረንዳው ላይ እንኳ ነፋሱ ተለወጠ።

«ዛሬ ከላይ ያለ ሰው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል» አለ ቀስ በቀስ። «ደግነቱ ገና ጥዱ ውስጥ ናቸው።»

አምስት ደቂቃ ብቻ አለች በሆዷ። አምስት ደቂቃው አለቀ። ሌላ አምስት ጨመረች። ስልክ እንዳይደወል እዚያ ላይ አይሠራም። ጭኗ ላይ ያለው ካፖርት ሱፍ ነው፤ ወፍራም፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ የአንገቱ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ። ሲሰጧት ቀሎ ነበር። አሁን እንደ እርጥብ ከረጢት ከበዳት። ሽማግሌው በየዓመቱ ምንጩ ጋ ሲደርሱ ነው የሚያስላቸው፤ ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ በወረቀት አልተጻፈማ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች።

«ተነስ» አለች።

«ወዴት?»

«አፋፉ ላይ። ደርሰዋል።»

ቀስ በቀስ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋው። «በፊደል ነው የተጻፈው። አራት። ራስሽ ፈርመሽበታል።»

«ፈርሜበታለሁ። ስህተት ነው። በአሃዝ መሆን ነበረበት።»

ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ሃያ ዓመት ያህል ያውቃታል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ።

«ንዳ» አለችው።

መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው፤ በጉም ደግሞ አምሳ። ቀስ በቀስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ሰላሳ ኪሎ ሜትር ነዳ። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም፤ ያ ከስድብ ይብስ ነበር። እሷ ካፖርቱን ይዛ የመስኮቱን እርጥበት በእጇ እየጠረገች፣ ምንም የማይታይበትን መስኮት ስታይ ሄደች።

መጀመሪያ ያገኙት ዘፈኑን ነው። ጉሙ ውስጥ ሰዎች ይዘፍናሉ፤ ዜማ የማይችሉ ሰዎች ባንድነት እንደሚዘፍኑት። ታናሽየው አሥራ አራቱን ሰው ከአንድ ትልቅ አለት ጀርባ፣ ነፋሱ በማይደርስበት፣ ትከሻ ለትከሻ አስደግፋ አስቀምጣቸዋለች። ሽማግሌዎቹን መካከል አድርጋለች። የራሷን ሹራብ የሩቁ ጣቢያ ሽማግሌ ለብሰውታል፤ እጅጌው እስከ ክርናቸው ብቻ ይደርሳል። እሷ በሸሚዝ ቆማ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እጇን እያወዛወዘች ታዘፍናቸዋለች።

እትዬ ሰዓት ካፖርቱን አለበሰቻቸው። ሽማግሌው ካሳላቸው በኋላ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና እጇን ያዙ።

«እትዬ ሰዓት ብትሆን ኖሮ» አሉ ለተሰበሰበው ሁሉ፣ «ይህ አይሆንም ነበር።»

እነሆ ዓረፍተ ነገሩ። ቃል በቃል። አፏ ውስጥ አዙራ ቀመሰችው፤ ምንም አይልም፣ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ነበር።

አንዱ ወጣት ለኪ ግን ሹፌሩን ያዘው። «ወንድም፣ አራት ሰዓት አይልም እንዴ ወረቀቱ? አሁን ስንት ነው?»

«በፊደል ነው የሚለው» አለ ቀስ በቀስ። «በፊደል ከሆነ የመንገዱ ርዝመት ነው፣ በአሃዝ ከሆነ የቀኑ ሰዓት። ከአሥራ ምናምን ዓመት ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው።» ወደ እትዬ ሰዓት አላየም። አለማየቱን ሁሉም እንዳያዩ ፈራች።

ታናሽየው ቀስ ብላ ዞረች። ወረቀቱን አየች፣ ግርጌውን አየች፣ እህቷን አየች። ረጅም ጊዜ አልፈጀባትም። ልጅ ሆና የሒሳብ ውጤት ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምታየው።

«አዎ» አለች ጮክ ብላ። «እትዬ ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ።»

«ረሳሁ ያለ አይወቀስም» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞ ደህና አድርገሽ ጠበቅሽን።» ሌሎቹም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንዷ ሻርፕዋን አውልቃ አለበሰቻት። ወደ ሚኒባሱ ሲገቡ ሁሉም በየተራ ትከሻዋን ነካ ያደርጉ ነበር።

እትዬ ሰዓት ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ በመስታወት አየቻቸው። በዚያች ቅጽበት የተሰማት ነገር ጸጸት ቢሆን ለራሷም በወደደች ነበር። ጸጸት ነበረ፤ ግን ከሥሩ ያው አሮጌው ነገር ነበር። ያንን ውሸት እንኳ ቀናችባት። እንዲህ ያለውን ውሸት እኔ አልችለውም ነበር አለች።

ከእራት በኋላ፣ ገና ሳይጨልም፣ ታናሽየው ወደ ምድር ቤት ወርዳ አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን አንኳኳች። ገብታ ከቦይለሩ ቧንቧ አጠገብ ቆማ እጇን አሞቀች።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች እትዬ ሰዓት።

«አንቺስ ለምን ፈረምሽ?»

ቦይለሩ አጉረመረመ።

«አየሽው?» አለች ታናሽየው።

«አየሁት።»

«እኔ ሙያውን ከእጅሽ ልነጥቅ መስሎሽ?»

«እየነጠቅሽኝ አይደል? አፋፉን አሰብሽው። መኪናውን አሰብሽው። አራት ቁጥርን ወሰድሽ። የቆላው ሰውዬ እንኳ ላንቺ ቀልድ ያወራል።»

«እሱማ ቀልዱን ሁለት ወር ተለማምዶበታል፣ ነግሮኛል» አለች። ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ አልሳቁም። «እትዬ፣ እኔ ጸጉሬን እንዴት እንደምሠራ እንኳ ካንቺ ነው የተማርኩት። ሰው ‹እንዳንቺ ናት› ሲለኝ ደስ ይለኛል። አንቺ ደስ የማይልሽ መሆኑን ግን ማን ይንገረኝ? እኔ ጉሙ ውስጥ ሽማግሌው ሲያስላቸው ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? እትዬ ሰዓት ብትሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር ነው ያልኩት። እሳቸው ከመናገራቸው በፊት።»

እትዬ ሰዓት ቀና አላለችም። የአልጋውን ልብስ ጠርዝ ስታስተካክል ቆየች።

«ሌላ ምን አለ?» አለች ታናሽየው አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። «ያልተጻፈው። እንደ ፊደሉና እንደ አሃዙ ያለው። ሰው ብርድ እንዳይመታብኝ ንገሪኝ።»

«ሰባት ነገር አለ።»

«ልጻፍ?»

«አይጻፍም። ስሚ ብቻ።»

ነገረቻት። ሽማግሌውን ምንጩ ጋ እንደሚያስላቸውና ከዚያ በፊት ማሳረፍ እንደሚገባ። ወጥ ቤቱ ለሁሉ ነገር «እሺ» እንደሚልና እሺታው የሚያዝለት ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ ብቻ እንደሆነ። በምንጩ መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ሦስተኛ ጣውላው እንደላላ። ከፍታ የሚያዞረው ማን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ። ሙቅ ውሃ በማን ክፍል በኩል እንደሚጀምር፣ ማን ጫማዬን ላስር ሲል መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደማይታመን። ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ አንዳንዱ ነገር ከአፏ ሲወጣ ጥርስ እንደ መነቀል ያማት ነበር። ታናሽየው በጣቷ ትቆጥራለች።

«ስድስት» አለች። «ሰባተኛው?»

«ደክሞኛል። ነገ።»

ታናሽየው ልትወተውታት ፈልጋ ተወችው፤ ግንባሯን ሳመቻትና ደረጃውን ወጣች። እትዬ ሰዓት በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከላይ ቁልፉ ሲንገጫገጭ ተሰማ። ዞረ፤ በሩ እምቢ አለ። ደግሞ ዞረ። «ምን አባቱ ነው ይኼ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም ወንበር ሲጎተት።

ወደ ክፍሏ ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች። ጉልበቷ ጠቅ አደረጋት፤ ደረጃ ላይ እንደምትወጣ ከእሷ ቀድሞ ያወቀ ይመስል። አሥራ አራት ደረጃ ናት። ዳገቱ ግድ የለም ብሎ የለም እንዴ ሐኪሙ?

አራት ቁጥር በር ላይ ደርሳ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«በእጀታው ያዢውና ወደ ላይ አንሺው» አለች። «ትንሽ። አሁን አዙሪ።»

ታናሽየው አነሳች፣ አዞረች። በሩ እንደ ቅን ሰው እሺ አለ። በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈች፣ ሁለት ጊዜ ከፈተች፤ ከዚያ እህቷን አየቻት።

«ይኼ ነው ሰባተኛው?»

«ይኼ ነው።»

«ስምንተኛስ አለ?»

«የለም» አለች እትዬ ሰዓት። ዞራ መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን አንድ በአንድ መውረድ ጀመረች።

ነበረ። የአራት ቁጥር መጋረጃ ሳይዘጋ ካደረ፣ ጎህ ሲቀድ ፀሐይ ከአፋፉ ጠርዝ ተነስታ ሌላ ቦታ ሳትነካ ቀጥታ ትራሱ ላይ ታርፋለች። ይህን ማንም አልነገራትም፤ በአራተኛ ዓመቷ ራሷ ነው ያገኘችው። ልጅቷም ራሷ ታግኘው።